ፕሮፋይልዎን ብዙ ሰው እንዲመዝነው ሲያደርጉ፦ የብዙኃን ድምፅ የሚችለውና የማይችለው

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በሁለት የፍቅር ጓደኛ መፈላለጊያ መተግበሪያዎች ከተመዘገብኩ ቆይቻለሁ፤ መልስ የሚሰጡኝ ሴቶች ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በጓደኛዬ ምክር አምስት ፎቶዎቼንና ስለ ራሴ የጻፍኩትን ብዙ አባላት ባሉት የቴሌግራም ቡድን ለጥፌ አስተያየት ጠየቅሁ። አንዱ በሱፍ የተነሣሁትን ምረጥ አለኝ፤ ሌላው ‹የፓስፖርት ፎቶ ይመስላል› ሲል ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህንኑ ደገሙት። የቱን ልመን? ደግሞም ከጓደኞቼ ጋር ለሐበሾች የሚሆን ማፈላለጊያ ድረ ገጽ የመሥራት ሐሳብ አለን። አባላት እርስ በርስ ነጥብ ቢሰጣጡ ብዙ ሰው የመሰከረለት ጥሩ ሰው ይለያል ብለን እናስባለን። ይህ የድሮው ሽምግልና በአዲስ መልክ መጣ ማለት አይደለም ወይ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ላይ አስሯል፤ ለየብቻ ካልታዩ መልሱም ይምታታል። አንደኛው የራስዎን ፎቶና ጽሑፍ በሌሎች ዓይን ማስመዘን ሲሆን ሁለተኛው የአንድን ድረ ገጽ አሠራር በተጠቃሚዎቹ ድምፅ ላይ መመሥረት ነው። ሁለቱም ክራውድሶርሲንግ በሚባለው፣ ማለትም አንድን ሥራ ወይም ጥያቄ ለብዙ ሰው ክፍት አድርጎ ከሚመጣው ምላሽ ውጤት በማውጣት ዘዴ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ስያሜው ጋዜጠኛው ጄፍ ሃው በ2006 ዋየርድ በተባለው መጽሔት ላይ ከተጠቀመበት ወዲህ ተለምዷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሐሳቡ ግን ከስያሜው በብዙ ይቀድማል።

በሁለቱም ጉዳዮች ሥር ያለው እምነትዎ አንድ ነው፦ ብዙ ሰው ከተጠየቀ እውነቱ ይወጣል የሚል። ይህ እምነት መሠረት አለው፤ መሠረቱ ግን ሁኔታዎች አሉት። በ1906 በእንግሊዝ ፕሊመዝ ከተማ በተካሄደ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች አንድ በሬ ታርዶ ሲገፈፍ ስንት እንደሚመዝን በካርድ ጽፈው እንዲገምቱ ተደርጎ ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን 787 ካርዶችን መርምሮ በ1907 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳሳየው የግምቶቹ አማካይ ቦታ ላይ የተገኘው ቁጥር 1,207 ፓውንድ ሲሆን የበሬው ትክክለኛ ክብደት 1,198 ፓውንድ ነበር፤ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ሦስት ነገሮች ስለተሟሉ ነው። ጥያቄው አንድ ትክክለኛ መልስ ነበረው፤ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ግምት ሳያይ የራሱን ጽፏል፤ ከገማቾቹም ብዙዎቹ ከብት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በቴሌግራም ቡድንዎ የሆነው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም።

በሁለተኛው ልጀምር። አንዱ ሰው «የፓስፖርት ፎቶ ይመስላል» ብሎ ከጻፈ በኋላ የመጡት ሁሉ ፎቶውን ያዩት ያንን ቃል ካነበቡ በኋላ ነው። ሌቭ ሙችኒክና ባልደረቦቹ በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የዜና ድረ ገጽ ላይ በዕጣ ለተመረጡ አስተያየቶች ገና እንደ ተጻፉ አንድ የድጋፍ ድምፅ ብቻ ጨመሩላቸው። ያቺ አንዲት ድምፅ የአስተያየቶቹን የመጨረሻ ነጥብ በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ አደረገችው። ስለዚህ ሃያ ሰው ደጋግሞ ያለው ነገር የአንድ ሰው አስተያየት ሃያ ጊዜ ተነበበ ከማለት ብዙም አይርቅም። ፎቶው በእርግጥ የፓስፖርት ፎቶ ይመስል ይሆናል፤ ከዚያ የአስተያየት ክምር ግን ይህን ማወቅ አይቻልም።

ሦስተኛውም እንዲሁ ነው። በቡድኑ ውስጥ አስተያየት የሰጡት እነማን ናቸው? ወንዶች፣ ያገቡ ሰዎች፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ወጣቶች፣ አዲስ አበባና ዱባይ የሚኖሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ግን በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ ለትዳር ዕድሜዋ የደረሰ ሴት ስለ ፎቶዎ ምን እንደምታስብ ማወቅ ነው። የመላሾቹ ብዛት የመላሾቹን ማንነት አይተካም።

እንዲህ ስል ፎቶን በሌሎች ማስመዘን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በተቃራኒው፣ በዚህ ጉዳይ የብዙኃን ዓይን ከራስ ዓይን የተሻለ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በአውስትራሊያ የዴቪድ ዋይት የጥናት ቡድን በ2017 ባሳተመው ሥራ፣ 102 ተማሪዎች ከራሳቸው የፌስቡክ ፎቶዎች መካከል ለፍቅር ጓደኛ መፈላለጊያ፣ ለሥራና ለማኅበራዊ ድረ ገጽ የሚስማማውን እንዲመርጡ ተጠይቀው ነበር፤ ከዚያም ለእያንዳንዳቸው የማያውቋቸው ሰዎች እንዲመርጡላቸው ተደረገ። የተመረጡትን ፎቶዎች ሌሎች ሰዎች ሲመዝኗቸው፣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው ከመረጧቸው ይልቅ ባዕዳን የመረጡላቸው የተሻለ ስሜት ፈጠሩ። ለዚህ የምሰጠው ማብራሪያ ቀላል ነው። እርስዎ ፎቶዎን ሲያዩ ያን ቀን፣ ያን ልብስ የገዙበትን ምክንያት፣ አጠገብዎ የነበሩትንና ተቆርጠው የወጡትን ሰዎች ጭምር ያያሉ። የማታውቅዎት ሴት የምታየው ፊት ብቻ ነው፤ ጊዜዋም ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

እንግዲህ ብዙኃኑ በሚገባ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ጠባብ ነው፦ «ይህ ሰው በመጀመሪያ እይታ ምን ይመስላል?» የሚለው። «የትኛው ፎቶ ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ። ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርገው፣ መላሾቹ እርስ በርስ መልስ ሳይተያዩ፣ «ከእነዚህ ከሁለቱ ቡና እንጠጣ ቢልሽ እሺ የምትይው የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩንም አይናቁት። ሁለቱ ፎቶዎች በእርግጥ እኩል ቢሆኑ እንኳ ከ30 መላሾች 17ቱ አንዱን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ይህ ምንም አይነግርዎትም። ከ30ው 21 ወይም ከዚያ በላይ አንዱን ከመረጡ ግን በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚመጣው ከመቶ አራት ጊዜ ያህል ስለሆነ ውጤቱን መቀበል ይችላሉ። በአምስት ሰው አስተያየት ፎቶ መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው።

ለዚሁ የተዘጋጁ አገልግሎቶች አሉ። ፎቶፊለር የተባለው የሌሎችን ፎቶ በመመዘን ለራስዎ ፎቶ ድምፅ የሚያገኙበት ድረ ገጽ ሲሆን፣ ለፍቅር የሚሆኑ ፎቶዎችን በብልህነት፣ በታማኝነትና በመስሕብነት ለይቶ ያስመዝናል። ይህ መለየት ራሱ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም በሱፍ የተነሣችሁት ፎቶ በታማኝነት ከፍ ብሎ በመስሕብነት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በቴሌግራም ቡድንዎ የተጋጩት ሁለቱ ሰዎችም ምናልባት ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቲንደር የተባለው የፍቅር ጓደኛ መፈላለጊያ መተግበሪያ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ፎቶዎችዎን እየቀያየረ በመጀመሪያ ቦታ አሳይቶ ብዙ ሰው ወደ ቀኝ ያንሸራተተበትን (ማለትም የወደደውን) ወደ ፊት የሚያመጣ አሠራር አለው። የዚህ ጥቅሙ መራጮቹ በእርግጥም በአካባቢዎ ያሉ ፈላጊዎች መሆናቸው ነው። ጉዳቱ ግን ዓላማው ብዙ እጅ ማስነሣት መሆኑ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው። ሁሉንም በመጠኑ የሚያስደስት ፎቶ፣ ለእርስዎ የምትስማማውን ሴት ቆም የሚያደርገውን ፎቶ ሊያስጥልዎት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፎቶ በድምፅ ይምረጡ፤ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ግን የእርስዎን ኑሮ የሚያሳዩ ይሁኑ፤ እነሱን ለድምፅ አያቅርቡ።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ ሁኔታው ይለወጣል። ኦኬኪዩፒድ ከተባለው ድረ ገጽ መሥራቾች አንዱ ክርስቲያን ረደር በ2014 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ የተወሰኑ ሰዎችን ፕሮፋይል ለግማሹ ተመልካች ከጽሑፉ ጋር፣ ለግማሹ ያለ ጽሑፍ አሳይተው ነበር፤ የተሰጣቸው ነጥብ የተመራው በፎቶው ሲሆን የጽሑፉ ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ጽሑፍ ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የተለካው የመጀመሪያ እይታ ነው፤ ጽሑፉ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ አንዲት ሴት «ምን ብዬ ልጻፍለት?» ብላ ስታስብ ነው።

በእኛ ሰዎች ፕሮፋይል ላይ በብዛት የማነበው ዐረፍተ ነገር «ቁም ነገረኛ፣ ፈጣሪን የምፈራ፣ ጨዋታና ሳቅ የምወድ ሰው ነኝ» የሚል ነው። ይህን ለአሥር ሰዎች አስነብበው፣ ጽሑፉን ደብቀው፣ «ስለዚህ ሰው ምን ታስታውሳላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ጥሩ ሰው ይመስላል ከማለት ያለፈ ነገር አያገኙም። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእህቴ ልጆች ጋር እውላለሁ፤ ሽሮ መሥራት እችላለሁ፤ እንጀራ መጋገር ግን እስካሁን አልሆነልኝም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ትዳር መሥርቼ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ» የሚለውን ቢያስነብቡ ግን መላሾቹ እንጀራውን፣ የእህትን ልጆችና የሁለት ዓመቱን ነገር መልሰው ይነግሩዎታል። ጽሑፍን በብዙ ሰው መፈተን ማለት ይህ ነው፤ አንባቢ ምን እንደያዘ መጠየቅ። «እንዴት ብዬ ላሻሽለው?» ብሎ መጠየቅ ግን አይመከርም፤ እያንዳንዱ ሰው የማይወደውን ቃል ሲያስወጣ፣ የሚወደውን ሲያስገባ ጽሑፉ ዞሮ ዞሮ ወደ «ቁም ነገረኛ ሰው ነኝ» ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰዎች ቁመትዎን ትንሽ ከፍ፣ ዕድሜዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ ብለው ከመከሩዎት አይስሟቸው። ካታሊና ቶማና ባልደረቦቿ በ2008 ባሳተሙት ጥናት 80 ተጠቃሚዎችን በአካል ለክተው ከፕሮፋይላቸው ጋር ሲያስተያዩ፣ 81 በመቶው በቁመት፣ በክብደት ወይም በዕድሜ ቢያንስ በአንዱ ዋሽተው ነበር፤ አብዛኛው ልዩነት ትንሽ ቢሆንም። ሁሉም ያደርገዋል የሚለው ምክር ትክክለኛ መረጃ ቢሆን እንኳ መጥፎ ምክር ነው፤ በአካል ስትገናኙ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር ያ ነውና።

አሁን ወደ ድረ ገጹ ልለፍ፤ በእኔ ግምት ከጥያቄዎ ከባዱ ይህ ነው። አባላት እርስ በርስ ነጥብ እንዲሰጣጡ ማድረግ ሽምግልና ነው ማለትዎ ልክ አይደለም፤ ልዩነቱንም መረዳት ድረ ገጹን ከመሠራቱ በፊት ያድነዋል። ሽማግሌ በስሙ ይታወቃል፤ የሁለቱንም ቤተሰብ ያውቃል ወይም ይጠይቃል፤ በብዙ የአገራችን አካባቢ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አስቆጥሮ ያጣራል፤ ጋብቻው ከተበላሸ ተመልሶ የሚጠራውም እሱ ነው። የተናገረው ነገር በአደባባይ ያስጠይቀዋል። ስሙን ሳይገልጽ ከአምስት ሦስት ኮከብ የሰጠ አባል ከእነዚህ አንዱንም አይሸከምም። ለሽምግልና የቀረበ ነገር ከተፈለገ ቲንደር በ2023 የጀመረውን ማየት ይበጃል፤ አንድ ተጠቃሚ እስከ 15 የሚደርሱ ወዳጆቹንና ቤተሰቦቹን ጋብዞ ለ24 ሰዓት ያህል እንዲያዩለትና «ይህችን እያት» እንዲሉት ያደርጋል፤ እነሱ ግን በእሱ ስም መምረጥም መጻፍም አይችሉም። እዚያ መስካሪው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የመጨረሻው ውሳኔም የባለቤቱ ነው።

ነጥብ መሰጣጠት የማይሠራበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ የበለጠ መሠረታዊ ነው። ሳማንታ ጆኤል፣ ፖል ኢስትዊክና ኢላይ ፊንከል በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአጭር ጊዜ በየተራ ስለተዋወቁ ተማሪዎች ከመቶ በላይ መለኪያዎችን አስቀድመው ሰብስበው ማን ማንን እንደሚወድ በኮምፒውተር ለመተንበይ ሞከሩ። አንድ ሰው በጥቅሉ ምን ያህል እንደሚወደድና በጥቅሉ ምን ያህል ሰው እንደሚወድ በከፊል መተንበይ ቻሉ። ይህ ሰው ይህችን ሴት ለይቶ ይወዳታል ወይ የሚለውን ግን ሊተነብዩ አልቻሉም። የብዙኃን ነጥብ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ትዳር ግን የሚቆመው በሁለተኛው ላይ ነው። ውጤቱም ይታወቃል፦ ጥቂቶች ሁሉም የሚጽፉላቸው ይሆናሉ፤ የቀሩት ዝቅተኛ ነጥባቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በሦስት መቶ አባላት የሚጀምር ድረ ገጽ ደግሞ ይህን አይቋቋምም። ቲንደር እንኳ በዚያ ሁሉ ተጠቃሚ ኤሎ የተባለውን የተፈላጊነት ነጥብ እንደተወው በ2019 አስታውቋል።

የሐበሻ ማኅበረሰብ በሚኖርበት ከተማ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰው በስም ባይጠራም በፎቶው፣ በሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ወይም በሚሠራበት ቦታ ይታወቃል። «ወረቀት ፈልጎ ነው»፣ «ፍቺ አለበት»፣ «ከእገሌ ጋር ነበረች» የሚል አስተያየት በድረ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ማንም ሳያጣራው ለዓመታት ይኖራል፤ ምናልባትም እውነት አይደለም። ሴቶች ስለ ወንዶች ማስጠንቀቂያ የሚለዋወጡበት ቲ የተባለው መተግበሪያ መረጃው በ2025 ሲሰረቅ 72,000 ያህል ምስሎች ወጡ፤ ከእነሱ ውስጥ 13,000 ያህሉ ሴቶቹ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የላኳቸው የራሳቸውና የመታወቂያ ፎቶዎች ነበሩ። ሊጠበቁ የገቡት ሴቶች ተጋለጡ። በ2016ም የ70,000 ያህል የኦኬኪዩፒድ ተጠቃሚዎች መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ተሰብስቦ ይፋ ሆኗል። ሃይማኖትና ብሔር የሚመዘግብ ድረ ገጽ አባላቱ በአውሮፓ ካሉ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እነዚህን በልዩ ጥበቃ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ ማንንም አይመዝግቡ።

ታዲያ ብዙኃኑ ለድረ ገጽዎ ምን ሊሠሩልዎት ይችላሉ? ጥያቄዎችን ሊያወጡልዎት ይችላሉ፤ ይህ በዓለም ላይ ካሉት ከትላልቆቹ መተግበሪያዎች ይልቅ እናንተ የምትበልጡበት ቦታ ነው። ኦኬኪዩፒድ ያደገው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባቀረቧቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ አባል ራሱ ይመልሳል፣ ከሌላው የትኛውን መልስ እንደሚቀበል ይገልጻል፣ ጉዳዩም ለእሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይመዝናል። ስሌቱም ቀላል ነው። የእሷ መልሶች የእርስዎን ፍላጎት 90 በመቶ ቢያሟሉ፣ የእርስዎ ግን የእሷን 40 በመቶ ብቻ ቢያሟሉ ሁለቱን አባዝተው ካሬ ሥሩን ያወጣሉ፤ ውጤቱ 60 በመቶ ነው። ተራ አማካይ ቢወሰድ 65 ይሆን ነበር። ይህ ስሌት የአንድ ወገን ደስታ ብቻውን ነጥቡን ከፍ እንዳያደርግ ይከላከላል፤ ለዚህም እመርጠዋለሁ።

የትኛው የውጭ መተግበሪያ ነው «ልጆቻችን አማርኛ ወይም ትግርኛ እንዲናገሩ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ? «አገር ቤት ላሉ ወላጆች በየወሩ ገንዘብ መላክ የሁለታችን ውሳኔ ነው ወይስ የእያንዳንዳችን?»፣ «ጾም ቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?»፣ «የአንተ ቤተሰብ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል?»፣ «ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖር በሐሳብሽ አለ?»፣ «የብሔር ልዩነት ለቤተሰብህ እንቅፋት ይሆናል?» እነዚህን የሚያውቁት የተጋቡና የተለያዩ ሰዎቻችን ናቸው። ሃምሳ ያህል ባለትዳሮችን «ከመጋባታችሁ በፊት ብትጠያየቁት የምትመኙት ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ለየብቻ ብትጠይቁ ከማንኛውም የነጥብ ሥርዓት የበለጠ ሀብት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ገደቡንም ልንገርዎት፤ ይህ ግጭት የሚያስነሡ ጉዳዮችን ቀድሞ ያሳያል፣ ፍቅርን ግን አይተነብይም። ስለዚህ ውጤቱን «ትስማማላችሁ» ብላችሁ አትሽጡ፤ «በእነዚህ ጉዳዮች ተነጋገሩ» ብላችሁ አቅርቡት።

ሁለተኛው ጥቅማቸው ሐሰተኛ ፕሮፋይሎችን መጠቆም ነው፤ ነገር ግን የጥቆማዎች ብዛት በራሱ ሰውን አያባርር። የተጣሉ ሰዎች ዘመዶቻቸውን አስተባብረው በአንድ ቀን ሃያ ጥቆማ ሊልኩ ይችላሉና እያንዳንዱን የሚያይና የሚወስን፣ ተጠያቂ የሆነ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ ሂንጅ የተባለው የፍቅር ጓደኛ መፈላለጊያ መተግበሪያ በ2018 የጀመረው ዓይነት ነው፦ ሁለት ሰዎች ስልክ ከተለዋወጡ በኋላ ተገናኝታችሁ ነበር ወይ፣ እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንደገና መገናኘት ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው በግል ይጠየቃሉ፤ መልሱ ለማንም አይታይም፤ ቀጣይ ምርጫዎችን ለማሻሻል ብቻ ይውላል።

የማያሻማ ምክሬ ይህ ነው። በቴሌግራም የለጠፉትን ዛሬውኑ ያጥፉ፤ የተገለበጠውን መመለስ ባይቻልም ስርጭቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያ ፎቶዎን ከላይ በገለጽኩት መንገድ ቢያንስ በ30 የማያውቁዎት፣ በዕድሜና በሁኔታ ለምትፈልጓት ሴት ቅርብ በሆኑ ሴቶች ያስመርጡ፤ ጽሑፉን ራስዎ ጽፈው ምን እንደሚታወስ ብቻ ያስፈትኑ፤ ከዚያ ለሁለት ወር ሳይነካኩት ይተዉት፤ በየሳምንቱ የሚቀያየር ፕሮፋይል ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ አይነግርም። በድረ ገጹ ላይ ደግሞ የነጥብ መሰጣጠቱን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ በጥያቄዎቹ ጀምሩ። ጓደኞችዎ «ያለ ነጥብ ሰው አይመጣም» ካሉ፣ ነጥቡን ለሰዎች ሳይሆን ለጥያቄዎቹ ስጡ፤ አባላት የትኛው ጥያቄ ጠቃሚ እንደሆነ ድምፅ ይስጡ፤ ድምፅ ያላገኘው ጥያቄ ይውጣ።